የበቃ ካርድ

መጀመሪያ ሥዕሉ የሶልያና ብቻ ነበር። ወይዘሮ ዘውድነሽ ኦቲዝም ላለባት የልጅ ልጃቸው ጫማውን፣ ፎጣውን፣ ሳህኑን በካርቶን ላይ ይሥሉላታል፤ ቀጥሎ የሚሆነውን ስታይ ልጅቷ ትረጋጋለች። ኋላ መንግሥት ነገሩን ወደደውና በየቤቱ ለአዋቂውም ጭምር የሥዕል ሰሌዳ ተሰቀለ። አሁን ሰሌዳውን ሳያይ እጁን የሚያነሳ ሰው የለም። በእጅ የተሣለ ካርድ ደግሞ ክልክል ሆኗል።

ዛሬ ተቆጣጣሪው አቶ ምትኩ የሶልያናን ካርዶች ሊወስድ መጣ።

"ምሳ ሳይቀምሱማ አይሄዱም፣ በሞቴ!" አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ ትንሽ እንኳ ቢዘገይላቸው ብለው።

ሰሌዳው ላይ የሳሙና ሥዕል በራ። ሰውየው እጁን በሳሙና ማሸት ሲጀምር መብራት ጠፋ፤ ሰሌዳውም ጨለመ። አረፋ የሞላ እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

"ቀጥሎ ምንድን ነው፣ እማማ?"

"ይታጠቡታ!"

"ሥዕሉን ሳላይ እንዴት አድርጌ?"

ሶልያና ካርዶቿን ከጉያዋ አወጣች። ውኃውን አሳየችው፤ ታጠበ። ፎጣውን አሳየችው፤ አደረቀ። ከዚያ እጁን እያውለበለበ የሚሰናበተውን ሰው አሳየችው። አቶ ምትኩ እጁን እያውለበለበ፣ ባዶ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ወጣ።

"ተመስገን!" አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ። ግን አላስቻላቸውም፤ በመስኮት አጮለቁ። ሰውየው ከበሩ ውጭ ቆሞ አሁንም ያውለበልባል።

"ውይ፣ የሰው ልጅ! ክንዱ ሊወልቅ ነው እኮ። የ'በቃ'ን ካርድ አሳዪው እንጂ፣ እናቴ!"

ሶልያና ካርዱን አየች፤ ሰውየውን አየች። ካርዱን ጉያዋ መለሰችና የሳህኑን ሥዕል ለአያቷ ዘረጋችላቸው።