የቅዳም ስዑር ቅናሽ

አምሃ ከሮተርዳም ከተመለሰ ወዲህ እናቱ የሰጠችው ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ መቅመስ። ሰፈሩ ሁሉ ጾመኛ ስለሆነ የፋሲካው ዶሮ ወጥ ተስፋ የማይጾመው እሱ ብቻ ነው። በቅዳም ስዑር "ቶሎ ድረስልኝ" ብላ ደወለችለት። ቶሎ ሲል ሱሉልታ ላይ ትራፊክ አስቆመው።

አዲሱ ሕግ በገንዘብ አይቀጣም፤ ገንዘብማ ሀብታሙን መች ያስተምረዋል? በፍጥነት ያሽከረከረ ሰው የምላሱን ጣዕም ለአንድ ወር ያስረክባል።

"አለቃዬ፣ በእናትህ! በዓመት በዓል?"

"በእናቴ ከመጣህማ ምን አደርግሃለሁ? በል፣ ለዛሬ ብቻ ይሁንልህ። ነገ ፋሲካህን ትበላለህ።" ትራፊኩ ጣዕም የሚወስደውን መሣሪያ ምላሱ ላይ አሳረፈና መልካም በዓል ተመኘለት።

አምሃ መንገዱን ሙሉ በአገሩ ኮራ። ሮተርዳም ሕግ ሕግ ነው፤ እዚህ ግን በእናት ስም የማይቀነስ ቅጣት የለም።

እናቱ ጭልፋ ይዛ በር ላይ ጠበቀችው። "እስቲ ቅመስልኝ፣ እንዴት ነው?"

ትኩስነቱ ብቻ ተሰማው። "ቅመሙም ጨዉም ልክ ነው፣ እማ።"

"ጨው ገና አልጨመርኩበትም እኮ!" ትክ ብላ አየችው። "ስንት ቀን ወሰዱብህ?"

"ዛሬን ብቻ። ቀነሱልኝ።"

"እግዜር ይስጣቸው" አለች። ጨዉን ጨምራ አማሰለች። ከዚያ በዕድሜዋ ጾም ሽራ የማታውቀው ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጭልፋውን ወደ አፏ አነሳች።