ቆጠራው ይፍጠን

ታናሽየው ሾፌሩን ሲደበድብ ክንዱ ዛለ። ሾፌሩ ከወንበር ጋር ታስሯል፤ ጥርሱ ወልቆ ወለሉ ላይ ወድቋል። ከቤቱ ሰዎች አንዱ ለፖሊስ መርማሪው ወሬ ያቀብላል፤ ሁሉም የጠረጠረው ሾፌሩን ነው።

የቤቱ አዛዥ ጋሼ፣ የታናሽየው ታላቅ ወንድም፣ ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ሚስቱ ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ያሰረቁትን የከተማውን የስልክ ጥሪ መረጃ ስክሪፕቷ፣ የጻፈችው አጭር ፕሮግራም፣ እየቆጠረ ነው፤ ወደ መርማሪው ማን ስንት ጊዜ እንደደወለ ይለያል።

"እስከ ነገ ልንቀመጥ ነው?" አለ ጋሼ።

"ብዙ ነው እኮ። እያንዳንዱን ቁጥር እየፈለገ ነው የሚደምረው።" የቀኝ እጇ ጣቶች አብጠዋል፤ ጋሼ በር ዘግቶባት ነው አሉ። "መቁጠሪያዋን ብቻ ሲ በሚባለው ፈጣን የኮምፒውተር ቋንቋ ጽፌ ስክሪፕቱ ውስጥ ብከታት ትበራለች።"

"ጻፊዋ።"

ታናሽየው በትከሻዋ በኩል ጎንበስ አለ። የምትጽፈውን መስመር በመስመር እንዲያነብ ወንድሙ አዞታል፤ በዚህ እምነት ልቡ ሞቋል። ስክሪፕት ያስተማረችው እሷው ናት። ሲ ግን አያውቅም።

"ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው፣ እትዬ? ቅንፍ በቅንፍ።"

"ማሽኑ የሚወደው ቋንቋ ነው። ጸባዩ እንደ ወንድምህ ነው፤ ከተሳሳትክ አይምርህም።"

ጋሼ ሳቀ። ታናሽየውም እየሳቀ ተመለሰና የሾፌሩን ሆድ በጫማው አለው።

"ትንሽ ታገስ፣ አያ ወሬኛ። ቁጥርህ እየመጣ ነው።"

"እኔ አይደለሁም" አለ ሾፌሩ ደም እየተፋ።

ልጁ ነቅቶ መነጫነጭ ሲጀምር ቆጠራው አለቀ። ጋሼ ስክሪኑን አየ። ደጋግሞ አየ። ከሁሉም በላይ የተቀመጠው የታናሽየው ስልክ ነበር።

"ወንድሜ፣ በእናታችን ይሁንብኝ፣ ውሸት ነው። በድሮው ስክሪፕት ይቆጠር፣ እኔው ላንብበው—"

ጥይቱ ጉሮሮውን በሳው። ወለሉን በጥፍሩ ቧጠጠ፣ ተንፈራገጠ፣ ከዚያ ተወ።

"ሾፌሩን ፍቺው" አላት ጋሼ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

ልጇን አቅፋ ተነሳችና ገመዱን በግራ እጇ ፈታች።

በሲ የተጻፈችው ቁራጭ የሚስትየዋን ስልክ ቁጥር ባገኘች ጊዜ ሁሉ የምትደምረው ታናሽየው ላይ ነበር።