የበረዶ ሣጥኑ አራተኛ ጎን

ግማሽ አካሉን የጀልባዋ የበረዶ ሣጥን ውስጥ ከትቶ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ። ሦስቱ ጎን ድፍን ድምፅ ሰጠ፤ በሞተሩ በኩል ያለው ግን ባዶ ጮኸ። አምና ሙቀት የሚከለክለውን ፎም ሲገጥም እጁ አልደርስ ስላለው «ማን ያየዋል» ብሎ በጣውላ ብቻ የሸፈነው ጎን ነበር። በረዶው በሁለት ቀን ውኃ እየሆነ ባስቸገረ ጊዜ ግን የተቆጣው አማቱን ነው። «አባባ፣ እርስዎ በየደቂቃው ክዳኑን እየከፈቱ እንዴት ይቆይ?» ብሏቸው ነበር፣ ያውም በሚስቱ ፊት።

«ችግሩን አገኘኸው ልጄ?» አሉት ሽማግሌው፣ ከላይ ሸራውን እየጠቀለሉ።

ባዶውን ጎን ደግሞ አንኳኳ። ሽማግሌው ቀስ ብለው ወረዱ። በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለሉትን የውኃ ጠርሙስ ይዘዋል።

«ከተቆጣኸኝ ወዲህ ውኃዬን የማቀዘቅዘው በዚህ ነው» አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን አልዋሽህም፤ ትናንት ሙቀቱ ቢጠናብኝ አንዴ ከፍቼዋለሁ። ይቅር በለኝ።»

ቀና ብሎ ሳያያቸው እጃቸውን ያዘ፤ ወደ ውስጥ አስገብቶም ባዶውን ጣውላ በገዛ ጣታቸው አንኳኳው።