ከወረቀቱ ጀርባ ያለች ወንበር

«እትዬ ኧርሊን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄን ካናቴራ ገልብጠው ይልበሱት» አለች ናዲን፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በር ላይ ቆማ። የምርጫ አስፈጻሚነት ባጇ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። «ምርጫ ጣቢያ ውስጥ ፎቶ ለብሶ መግባት ክልክል ነው።»

ኧርሊን ወደ ደረቷ ቁልቁል አየች። ሮደሪክ ከካናቴራው ላይ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል።

«የተከለከለው የተወዳዳሪ ፎቶ ነው። ልጄ ለየትኛው ወንበር ነው የተወዳደረው?»

ናዲን ከበሩ ፈቀቅ አለች። የሮደሪክን ነገር የማያውቅ በወረዳው የለም። በመጋቢት አንድ ቅዳሜ የመኪናህ የኋላ መብራት አይሠራም ተብሎ ተያዘ፤ እሑድ ጠዋት ሬሳው ከእስር ቤት ወጣ። የወረዳው አስከሬን መርማሪ «የልብ ድካም» ብሎ ፈረመ፤ ነገሩም በዚያው ተዳፍኖ ቀረ። በትምህርት ቤት ሩጫ ማንም ደርሶበት የማያውቅ ልጅ ነበር።

«አሳልፊያቸው፣ ናዲን» አለ ከኋላ ወፍራም ድምፅ። ሸሪፍ ዶብስ ነው፤ የወረዳው ፖሊስም እስር ቤቱም በእሱ እጅ ናቸው። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል። «ሐዘንተኛ እናት ናቸው፤ ይግቡ።»

«ፈቃድ አልጠየቅኩህም» አለች ኧርሊን። ሌላው ሰው ሁሉ «እርስዎ» ሲለው እሷ አንተ ነው የምትለው። በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ጭልፋ ይዛ ያሳደገችው ነው፤ ባቄላውን ጠረጴዛ ሥር እየጣለ «ጨርሻለሁ» ሲላት ታውቀዋለች። ያኔም ሲዋሽ ዓይኑን አያሽም ነበር።

ሰልፉ ውስጥ ከኋላዋ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ጠጋ አለና ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «እኔኮ ዘንድሮ ወረቀቱ ላይ የለሁም» አላት። «የኔ ምርጫ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ንዴትዎን እኔ ላይ ሊወጡ ከሆነ የመጡት፣ በከንቱ ነው የደከሙት።»

«አውቃለሁ። ለአንተ ብዬ አይደለም የመጣሁት።»

ዶብስ ፈገግ አለ፤ ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው። ኧርሊን ጀርባዋን ሰጥታው ከሰልፉ ጋር አንድ እርምጃ ተራመደች።

ወረቀቷን ተቀብላ መምረጫው ጋ ስትደርስ የፊተኛውን ገጽ አላየችውም። የግዛቱ አስተዳዳሪ፣ ሴናተሩ፣ ምኑ ቅጡ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትመርጣቸው ኖራ ልጇ ሲሞት ስልኳን ያነሳ አንድም አልነበረም። ገለበጠችው። ከአፈር ጥበቃ ቦርዱ በታች፣ ከቦይ ጠባቂው በታች፣ ማንም ዓይኑ የማይደርስበት ጥግ ላይ፣ ያቺ ወንበር አለች። የቀብር ቤት ባለቤቱ ሚስተር ፑል፣ የዶብስ የዓሣ ማጥመድ ጓደኛና የሮደሪክን «የልብ ድካም» የፈረመው ሰው፣ ያለ ተፎካካሪ ተቀምጦባት አርጅቷል። ዘንድሮ ግን ከሥሩ ሌላ ስም ተጽፏል፤ ጡረታ የወጣችው ነርስ ቴልማ ግሪር። ኧርሊን ከስሟ ጎን ያለችውን ክብ ቀዳዳ እስክታስመስላት ድረስ አጠቆረቻት።

ድምፅ ቆጣሪው ማሽን ወረቀቷን ጎትቶ ወሰደ፤ ጮኸ፤ መልሶ ተፋው።

ናዲን መጥታ ስክሪኑን አነበበች። «እትዬ፣ የፊተኛው ገጽ ባዶ ነው ይላል። ረስተውት ነው?»

«አልረሳሁትም። ለአንዲት ወንበር ብቻ ነው የመጣሁት።»

«ለየትኛዋ ይሆን?» አለ ዶብስ፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ።

«ለአስከሬን መርማሪው።»

ሳቀ። «እግርዎ እስኪዝል የቆሙት ሬሳ ላይ ለሚፈርም ሰው ነው?»

ኧርሊን ዞረችለት። «ስንት ዓመት ሸሪፍ ሆነህ የገዛ ሕግህን አላነበብክም ማለት ነው። እዚህ ወረዳ ዳኛ ይታሰር ብሎ ቢያዝ እንኳ፣ አንተ እጅ ላይ ካቴና ማስገባት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው። ሬሳ ላይ የሚፈርመው ሰው።»

እስክሪብቶ ሲጭር የነበረው ሁሉ ቆመ። የዶብስ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ናዲን» አለ፣ «እዚህ ውስጥ ቅስቀሳ ክልክል መስሎኝ።»

«የማንን ስም ጠራሁ?» አለች ኧርሊን። «የወንበሩን ሥራ ነው የተናገርኩት።»

ናዲን አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየች። የእሷም ወንድም ሁለት ጊዜ እዚያ እስር ቤት አድሯል። «ወረቀቱ እንዳለ ይግባ፣ እትዬ?»

«ይግባ።»

ናዲን አረንጓዴውን ተጫነች፤ ማሽኑም ወረቀቱን ዋጠው። ከዚያ ቀና ብላ ጉሮሮዋን ጠራረገች። «ለሁላችሁም ማስታወስ ግዴታዬ ነው» አለች፣ ሸሪፉን ሳታይ። «የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ጀርባ አለው። ሁለቱንም ገጽ እንድታዩ።»

መጀመሪያ ከአንዱ መምረጫ ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ። ከዚያ ከሌላው፤ ከዚያ እዚህም እዚያም። ማሽኑ ጋ ደርሶ ወረቀቱን ሊያስገባ የነበረ አንድ ሽማግሌ ገበሬ እጁን ሰበሰበና ወደ ኋላ ዞረ። ዶብስ መንገዱ ላይ ቆሞ ነበር።

«እስቲ አሳልፈኝ» አለው ሽማግሌው። «አልጨረስኩም።»