ሁለተኛው መደርደሪያ

በጦርነቱ ጊዜ በመስኮት የገባች ጥይት የሰቆጣውን ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ መደርደሪያ ከዳር መትታው ነበር። ጥቂት መጻሕፍት በስታ እዚያው ቀረች፤ ቆይቶም ተረሳች።

ዛሬ የካታሎግ ሠራተኛዋ ዓይናዲስ ትናንት ቁጥር ሰጥታ፣ «አዲስ» ብላ መዝግባ የደረደረችውን መጽሐፍ ብትስበው መሐል ለመሐል ተበስቷል። ከጎኑ ያለውም ተበስቷል። የዚያም ጎረቤት እንዲሁ፤ ጠርዙ የተለበለበ ቀዳዳ፣ ሁሉም ላይ በእኩል ከፍታ።

«ጋሽ ባንተአምላክ፣ እነዚህን ማን ነካቸው?»

አዛውንቱ ባልደረባዋ ከመደርደሪያው ማዶ ጫፍ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው ቁጥር ይለጥፋሉ።

«ማን ይነካቸዋል ልጄ? አንቺው በተራቸው እንደደረደርሻቸው ናቸው» አሉ ሳይዞሩ።

ውጭ ገበያተኛው ከጋዝጊብላ ፍየሉን እየነዳ ይተማል። ዓይናዲስ በረድፉ መጨረሻ ያለውን መጽሐፍ ዳሰሰችው። እንደ ፍም ይፋጃል። የፊት ሽፋኑ ተበስቷል፤ የኋላው ገና ደህና ነው። ውስጡ ግን አንድ ነገር ወረቀቱን እየቀደደ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ መጽሐፍ ወዲያ ያለው የጋሽ ባንተአምላክ ጀርባ ብቻ ነው።

«ይነሱ! ከዚያ ይነሱ!»

«ቆይ እስቲ፣ ይቺን ልለጥፍና።»

ዓይናዲስ መጽሐፉን መንጭቃ አወጣችው። ሽማግሌው ተረፉ ብላ፣ እንዳያመልጣት የኋላ ሽፋኑን ወደ ደረቷ አድርጋ በሁለት እጇ አጥብቃ አቀፈችው።

«ኧረ በሥላሴ፣ ማነው የተኮሰው?» አሉ ጋሽ ባንተአምላክ፣ አሁን ገና ዞር ብለው።