ኮከቡን የሚጎትተው

«እና አላያችኋትም?» አለ አባቴ። ከንፈሮቹ መሃል ስፒል ስለነከሰ ቃሉ የሚወጣው በአንድ ጎን ብቻ ነው።

አላየናትም፣ ማንም አላያትም አልኩት። ጠዋት በሬዲዮ ስላገኘናት አዲስ ፕላኔት ሳወራ የስፌት መኪናውን አቁሞ ሰምቶኛል። እሱ መስማቱ አልበቃ ብሎት ጎረቤቱን ጫማ ሰፊ ጎትቶ አምጥቶ አስደምጦታል። ጫማ ሰፊው ታዲያ እስከ መጨረሻው አዳምጦ፣ ካላዩዋት ደመወዝ የሚበሉት ለምኑ ነው ብሎት ወደ ሥራው ተመለሰ። አባቴ ይህን ሲያብሰለስል ውሎ፣ ገና ከበሩ ስገባ ነው የያዘኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁልጊዜ ሱቁ እመጣለሁ። ሥራዬ መተርተር ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ከዚህ የላቀ ነገር አምኖ ሰጥቶኝ አያውቅም፤ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀምሬም እድገት አላገኘሁም። የዛሬው የአንድ ሾፌር ሱሪ ነው፤ ሰውየው ወፍሮ ወገቡ እንዲሰፋለት አምጥቶታል።

ሱሪውን እየተረተርኩ አስረዳሁት። ኮከቡ የኛን ፀሐይ ይመስላል፤ በመጠንም በሙቀትም ብዙ አይራራቁም። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ቀጥ ብሎ በሄደ ነበር። እሱ ግን ይወዛወዛል፤ ትንሽ ወደኛ ይጠጋል፣ ትንሽ ደግሞ ይሸሻል፣ እንደገና ይመለሳል። የሚጎትተው ነገር አለ ማለት ነው። አንዱ ውዝዋዜ የሚፈጀው ጊዜ የፕላኔቷ ዓመት ነው፤ ከኛ ዓመት ትንሽ ያጥራል። የውዝዋዜው ጉልበት ክብደቷን ይነግረናል፤ ከምድር ሳትከብድ አትቀርም። ከኮከቡ ያላት ርቀትም ደህና ነው፤ የምትቃጠል ወይም በረዶ የምትሆን አትመስልም። ውኃ ይኑራት፣ ደመና ይኑራት ግን አናውቅም። የኮከቡ ብርሃን እሷን ስለሚውጣት በዓይን ማየት አልተቻለም።

አባቴ ስፒሎቹን ከአፉ አንድ በአንድ አውጥቶ መሰኪያው ላይ ሰካቸው። ስፒል ከአፉ ካወጣ ነገሩ የምር ነው።

«እንግዲያው እኔም አንድ አግኝቻለሁ» አለ።

እኔ ሳቅኩ፤ እሱ አልሳቀም። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ስልኬ ሲጠራ ወደ ውጭ እንደምወጣ፣ ስመለስ ፊቴ ሌላ እንደሚሆን ነገረኝ። ዝናብ እየጣለ እንኳ ሳልረጥብ እንደምደርስ አስተውሏል። ስለዚህ የምደብቀው ሰው አለ፤ ሰውየው መኪና አለው፣ ጥግ ላይ አውርዶኝ ይመለሳል። ዓይናፋር ይሁን ወይም እኔ ከልክዬው እንደሆነ ግን ገና አላወቀም።

«ደግሞ ብቻውን አይደለም» ብሎ ቀጠለ። «አንዲት ትንሽ ነገር አብራው አለች። የመነጽር መወልወያ ብለሽ አበባ ያለበትን የከፋይ ጨርቅ ቁርጥራጭ ወስደሻል። የትኛው መነጽር ነው በከፋይ የሚወለወለው? በቦርሳሽ የምትይዢውን ብስኩት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምትወጂው?»

ቀጥሎ በአገጩ ወደ እጄ አመለከተ። አንጓዬ ላይ ቀይ የፀጉር ላስቲክ ነበር፤ ላዩ ላይ ፕላስቲክ ጥንቸል ተለጥፎበታል። ጠዋት የልጅቷን ፀጉር ልሠራላት ስል እዚያው ረስቼዋለሁ።

መተርተሬን አቆምኩ። እናቴ የሞተችው ገና ሳላውቃት ነው። ዘመድ ጎረቤቱ ስንት ሴት አምጥቶ እንዳሳየው እሱ ነው የሚያውቀው፤ መልሱ ግን አንድ ነበር፤ በልጄ ላይ የእንጀራ እናት አላመጣም። ይህን ቃል እየሰማሁ፣ እየኮራሁበትም ነው ያደግኩት። አሁን እሱ ዕድሜውን ሙሉ ከእንጀራ እናት ሲጠብቀኝ ኖሮ፣ እኔ ራሴ የእንጀራ እናት ልሆን ነው። ያፈርኩት በሰውየው አይደለም። ፈርቼ ነበር፤ አባቴን ፊት ለፊት እያየሁ ያን ስም ለራሴ መስጠት አቅቶኝ ነበር።

«እናቷ ሞታለች፣ አባዬ» አልኩት። «አምስት ዓመቷ ነው። ልንጋባ እንፈልጋለን። አንተ ቅር ካለህ ግን…»

አባቴ ሱሪውን ከጭኔ ላይ አንስቶ ዘረጋውና የተረተርኩትን ቦታ በካውያ ይጫን ጀመር። ሙቀቱ እስከ ፊቴ ይመጣል። ሾፌሩ እንዲህ ያማረ ሱሪ ለብሶ አያውቅም፤ አባቴ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ይተኩሰዋል።

«ትፈራሻለች?» አለ ቀና ሳይል።

«መጀመሪያ ትፈራኝ ነበር። አሁን ጫማዋን እኔ ካላሰርኩላት ከቤት አትወጣም።»

ካውያውን አቆመ።

«የአንቺን እኔ ነበርኩ የማስረው» አለ። «ያውም ሁልጊዜ አጠብቅብሽ ነበር። ታለቅሺ ነበር።»

አላስታውሰውም አልኩት። እሱ እንደሚያስታውሰው ነገረኝ። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ጥቅል ጨርቅ አወረደ፤ ሰማያዊ ነው፣ ለደንበኛ ሲያሳየው አይቼ አላውቅም። ጫፉን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገና አጠገቡ አስቀመጠው።

«ተነሺ እስቲ» አለኝ። «እስከ የት ትደርስሻለች?»

ተነሥቼ መዳፌን ከወገቤ ዝቅ አድርጌ ዘረጋሁ። በዝቶ ታየኝና ትንሽ አወረድኩት። አባቴ የካውያ ጠረጴዛውን ተደግፎ፣ እያቃሰተ፣ አንድ ጉልበቱን መሬት አስነካ። የሜትሩን ጫፍ ከመዳፌ ሥር ይዞ ቀስ አድርጎ እስከ ወለሉ ዘረጋው።

«ጫማ አድርጋ ነው» አለ ከታች፣ «ወይስ በባዶ እግሯ?»