የቀማሿ አባት ምሳ

የምግብ ባለሙያዋ ያመጣሁላትን ባዶ የምሳ ማሸጊያ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ በእስክሪብቶዋ እየጠቆመች ታነባለች። «ምን እንደምትመገቡ አሳዩዋት» ብሎ ወደ እሷ የላከን ሐኪሙ ነው። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ በሩን በሩን ያያል።

«አባባ፣ እነዚህን አልፎ አልፎ ነው የሚበሉት?»

«ኧረ ሁልጊዜ ምሳዬ ነው!» ይላል ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ልጄ እነዚህ የሚሠሩበት ፋብሪካ ውስጥ ቀማሽ ናት። እሷ ሳትቀምስ ወደ ሱፐርማርኬት የሚሄድ ነገር የለም።»

እውነቱን ነው። አለቃዬ ራሱ «ምላስሽን ኢንሹራንስ ላስገባልሽ እንዴ?» እያለ ይቀልድብኛል። ዓምና ሐኪሙ «ኩላሊትዎ ደክሟል፣ ጨው እንዳይነኩ» ሲለው፣ እኔ እያለሁ ምን ችግር አለ ብዬ ነበር። ጨው ጨው የሚለውን እየተውኩ፣ ለስለስ ያለውን እየመረጥኩ ወሰድኩለት። የዶሮ ጥቅሉን፣ ፓስታውን፣ ሾርባውን።

«ሁሉንም ቀምሼዋለሁ እኮ» እላለሁ፣ ትንሽ ተቆጥቼ። «ጨው የለውም።»

«እህቴ፣ ምላስሽ ምን ያድርግ? ስኳሩ ይሸፍነዋል።» እስክሪብቶዋ ጥቃቅኑ ጽሑፍ ላይ ያርፋል። «ይሄ ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጨመር ነው። ይሄ ደግሞ ሥጋው ውኃ እንዲይዝ። ሶዲየም ነው፣ ፎስፌት ነው። ምላስ አያገኘውም፤ የደከመ ኩላሊት ግን አይችለውም።»

ጽሑፉ በየቀኑ ዓይኔ ሥር ያልፋል። ቀማሽ ምን ያነባል ብዬ አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አላየሁትም። ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ በፈጣሪ!

«አሁን ብናቆምስ?» እላለሁ። «ይድናል አይደል?»

ባለሙያዋ ማሸጊያዎቹን መሰብሰብ ትጀምራለች። «የሄደው አይመለስም። ሐኪሙ ጽፎታል፤ ከሰኞ ጀምሮ የኩላሊት እጥበት ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ዕድሜ ልክ።»

«ልጄን አትቆጫት» ይላል አባቴ፣ ማንም ሳይቆጣኝ።

እንባዬ ይመጣል። ከዚህ ሁሉ አንዲት ደህና ነገር ብትተርፈኝ ብዬ ወደ እሱ እዞራለሁ። «ይጣፍጥህ ነበር ግን፣ አይደል አባዬ?»

አባቴ መዋሸት አይችልበትም። ጫማውን ያያል።

«ላስቲክ ላስቲክ ይለኝ ነበር» ይላል ቀስ ብሎ። «አንቺ ቀምሰሽ ስላመጣሽው ነው የምጨርሰው።»